የውርንጭላ ሊቃውንት
የአሜሪካው የፈረስ ውድድር የኬንተኪ ደርቢ የሚሮጠው በፈረንጆቹ ሜይ የመጀመሪያ ቅዳሜ ነው። ቀኑ ሲቃረብ ሊቅ ያልሆነ ሰው አይገኝም። የሦስት ዓመቱ ውርንጭላ አብዛኛውን ጊዜ የደርቢውን ሁለት ኪሎ ሜትር ሮጦት አያውቅም፤ ሊቁ ግን የአያት ቅድመ አያቱን ዘር መዝዞ «ርቀቱን ይችለዋል» ሲል ይፈርዳል። (እኛም ለጋብቻ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ ልዩነቱ እነሱ ዝምድና ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል።)

እ.ኤ.አ. በ2006 ዘ ግሪን መንኪ የተባለው የሁለት ዓመት ውርንጭላ ለገዢዎች በተዘጋጀ ሩጫ 200 ሜትር ገደማ በ9.8 ሰከንድ ከነፈ። ወዲያው በ16 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ከዚያ ሦስት ጊዜ ተወዳድሮ አንዴም ሳያሸንፍ፣ 10,440 ዶላር ይዞ ጡረታ ወጣ። የገለባውን ዋጋ መሸፈኑን እንጃ።

በ2022 ደግሞ ቀድሞ በ30,000 ዶላር የተገዛው ሪች ስትራይክ፣ በዋዜማው ሌላ ፈረስ ከደርቢው ስለወጣ ተተክቶ ገባ። የውርርድ ግምቱ 80 ለ1 ነበር። አሸነፈ።

ሊቃውንቱ አፍረው ዝም አሉ እንዳትሉ። የፊተኞቹ ገና ከመነሻው ከልክ በላይ ስለፈጠኑ ከኋላ የሚመጣ ፈረስ ማሸነፉ ግልጽ እንደነበር በዝርዝር አስረዱ። ትንታኔው እንከን የለውም፤ የዘገየው አንድ ቀን ብቻ ነው።