ጋሼ፣ ይሄን ማን ነካው?

አሮጌ የአዲስ አበባ ግቢ ውስጥ ከሰርቪስ ቤቱ ቀጥሎ ቆርቆሮ የለበሰች አንዲት ክፍል አትጠፋም። ሲሠሯት ለመኪና ማደሪያ ነበር። መኪናዋ ግን ዝናብ እየመታት ደጅ ታድራለች፤ ክፍሏን ቀድመው የያዙ ነዋሪዎች አሏታ! አንድ እግር የጎደለው ወንበር፣ አንገቱን የደፋ ማራገቢያ፣ ከሁለት ፍሪጆች የተነቀሉ ሦስት በሮች (ሦስተኛው ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም)፣ ቀለም የደረቀበት ባልዲ፣ በዱቄት ወተት ጣሳ የታጨቀ የዛገ ብሎን። አባወራው ይህችን ክፍል «ወርክሾፔ» ይላታል። ባለቤቱ «ያ ጉድ ያለበት ቤት» ትላታለች። ነገሩን ስታዘብ ከርሜ ድምፄን ለሷ ሰጥቻለሁ።

አባወራው በሥራ ቀን ሒሳብ ሹም ነው፣ ወይም መምህር፣ ወይም የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ግን ቱታውን ለብሶ፣ እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ ግቢውን መዞር ይጀምራል። የተበላሸ ነገር ፍለጋ ነው። የተበላሸ ከጠፋ ደህናውንም አይንቅም። «ይሄ የመታጠቢያ ቤት በር ሲከፈት ይጮኻል ልበል?» ይላል። በሩ ከሠርጋቸው ማግሥት ጀምሮ ሲጮኽ ኖሯል፤ ቤተሰቡም ሰው መግባቱንና መውጣቱን የሚያውቀው በዚያው ጩኸት ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ማጠፊያዎቹ ተፈትተው በሩ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ቤተሰቡ ገላውን የሚታጠበው አንሶላ ጋርዶ ነው።

የሰውየው ፍቅር መፍታት ላይ ነው። ሲፈታ እጁ ይፈጥናል፣ ያፏጫል፣ ለሚያልፍ ለሚያገድም ሁሉ ማብራሪያ ይሰጣል። መግጠም ላይ ሲደርስ ግን ስልክ ይደወልለታል፣ ቡና ይፈላል፣ ይመሻል፣ መብራት ይሄዳል። እንደምንም ተገጥሞ ካለቀም በኋላ መዳፉ ላይ ሁለት ብሎንና አንዲት ሮንዴላ ይተርፋሉ። ያፍራል ብላችሁ እንዳትጠረጥሩ። «ፋብሪካው ለመጠባበቂያ የሚጨምራቸው ናቸው» ይልና ወደ ወተት ጣሳው ይልካቸዋል። ጣሳው የሞላው እንዲህ እንዲህ እያለ ነው። ሙያ በልብ ነው ሲባል ሰምቶ የሱን ሙያ ከልቡ አላወጣውም።

ድሮ ቢያንስ የመሣሪያ እጦት ልጓም ነበር። ካቻቪቴ ሲጠፋ በቢላዋ ጫፍ፣ መዶሻ ሲጠፋ በዘነዘና ይሠራ ነበርና እመቤቲቱ ማድ ቤቱን ከቆለፈች ሥራው ይቆማል። አሁን በፕላስቲክ ሳጥን የተደረደረ የቻይና ቁልፍ መጣ። ሳጥኑ ለያንዳንዱ ቁልፍ በልኩ የተቀረጸ ማረፊያ አለው፤ ብዙም ሳይቆይ ማረፊያው ብቻ ይቀራል።

ቁልፍና ብሎን ደግሞ የራሳቸው ተንኮል አላቸው። ወፍራምነቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነው የተለመደ ብሎን የሚፈታው በ13 ቁልፍ ነው፤ ባለ 6ቱ በ10 ቁልፍ ይፈታል። የቁልፉ ቁጥር የሚናገረው ስለ ብሎኑ ራስ እንጂ ስለ ሰውነቱ አይደለም። አባወራው ግን የፈታው በ13 ስለሆነ ልጁን «ሮጥ በልና ባለ 13 ብሎን ገዝተህ ና!» ብሎ ይልከዋል። ባለሱቁ ባለ 13 የሚባል ስለሌለው ባለ 14 ይሰጠዋል። ብሎኑ ቀዳዳው ጋ ሲደርስ እንኳን ሊገባ ሰላምታም አይሰጥም። ጥፋቱ የማን ሆነ? የልጁ።

ይህ ልጅ የወርክሾፑ ምክትል ኃላፊ ነው። ዋና ሥራው ባትሪ መያዝ ሲሆን ትርፍ ሥራው መሰደብ ነው። ብርሃኑ ግራ ሲሆን «ቀኝ!»፣ ቀኝ ሲሆን «ዓይኔን አጠፋኸኝ!» ይባላል። ጓደኞቹ ውጭ ኳስ ሲጠልዙ እሱ የፍሪጅ ሆድ ዕቃ ላይ እያበራ ይውላል። አድጎ መሐንዲስ የሚሆን ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል፤ እኔ የማውቃቸው የቀድሞ ባትሪ ያዦች ዛሬ አምፖል ለመቀየር እንኳ ባለሙያ ይጠራሉ።

የዚህ ሁሉ አናቱ ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። አብሲት ተጥሎ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ የቡሃቃውን ጠርዝ ሊያልፍ ሲል ምጣዱ መሞቁን ይተዋል። እመቤቲቱ «ባለሙያ ይጠራ» ትላለች። ስህተቷ ይህን ጮክ ብላ መናገሯ ነው።

«የምን ባለሙያ! ሽቦ እኮ ነው!»

ሽቦ መሆኑ እውነት ነው። በሸክላው ሆድ በተቦረቦረው መስመር ውስጥ የኒኬልና የክሮም ድብልቅ የሆነ ጥምዝምዝ ሽቦ ይዞራል፤ ላዩ በጀሶ ይደፈናል። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት መስመር ላይ 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ይህ የተለመደው ሶኬት ሊችለው ከሚገባው ጣሪያ ላይ የሚያደርስ ነው። የብዙ ቤት የምጣድ ሶኬት ጠቁሮና ጠርዙ ቀልጦ የምናየው በዚህ የተነሳ ነው። አባወራው ምጣዱን ገልብጦ፣ ጀሶውን በካቻቪቴ ፈልፍሎ፣ የተበጠሰውን ቦታ ያገኛል። እስከዚህ ድረስ እሰይ የሚያሰኝ ነው። ከዚያ የተቃጠለውን ጫፍ ቆርጦ ይጥልና ሁለቱን ወገን በፒንሳ አጠማዞ ያገናኛቸዋል። ሽቦው ባጠረ ቁጥር የሚስበው ኃይል ይጨምራል፤ በእጅ የተጠማዘዘች መገናኛም ከሌላው ቀድማ ትግላለች። ይህን ቢነግሩትም አይሰማም፤ ምክንያቱም ምጣዱ ሞቋል!

«በይ ጋግሪ! ባለሙያ ስትይ አልነበር?»

የመጀመሪያው እንጀራ ወጣ። ግማሹ አሯል፣ ግማሹ ሊጥ ነው፣ መገናኛዋ ያለችበት ቦታ ላይ እንደ ማኅተም የጠቆረች ክብ ታትማለች። «ምጣዱ እስኪለምድ ነው» አለ። ሁለተኛው ሲወጣ «እሳቱ እኮ በዛልሽ፣ ይህም ክፋት ሆነ?» አለ። ሦስተኛው ሲሰፋ ቆጣሪው ጣለና ቤቱ ድርግም አለ። ሴትየዋ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ሊጡን በባልዲ ተሸክማ ወደ ጎረቤት ሄደች። በጨለማው ውስጥ የቀረው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፦ «ባትሪውን አምጣ አንተ ልጅ!»

መኪና ላይ ሲደርስ ደግሞ ነገሩ ሸንጎ ይሆናል። ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ የቆመች ቮልስ ካለች ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ እጁን ኪሱ ከትቶ ይሰበሰባል። ቮልስ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የተፈጠረች መኪና ናት፤ ሞተሯ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ብቻ ስለሆነ ማውረዱ ቀላል ነው። ፋብሪካው ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዋን ያመረተው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ እኛ ሰፈር ያለችው ደግሞ ሞተሯ ከወረደ በኋላ መንቀሳቀስ አቁማለች። አንዱ «ካንዴላ ነው» ይላል። ሌላው «ካርቦራተር ነው፣ ምን አለ በለኝ» ይላል። ዘግይተው የደረሱ አንድ ሽማግሌ አገጫቸውን ይዘው አሰቡ፣ አሰቡና «ራዲያተሩ ውኃ አለው?» አሉ። የቮልስ ሞተር በነፋስ የሚቀዘቅዝ ነው፤ ራዲያተር የለውም። የሚገርመኝ የሳቸው ጥያቄ አይደለም። የሚገርመኝ ባለመኪናው «ቆይ እስቲ» ብሎ የፊቱን ኮፈን መክፈቱ ነው። የፊቱን! ሞተሩን ከኋላ ያወረደው እሱ ራሱ ሆኖ ሳለ!

ይህ አመል ባሕር ተሻግሮም አይለቅም። ቨርጂኒያ ያለው ዘመዳችን ከቤቱ ጋር ተያይዞ የተሠራ፣ በሩ በሪሞት የሚከፈት ጋራዥ አለው። መኪናው እዚያም ደጅ ያድራል። ጋራዡን የሞላው በቅናሽ የተገዛ መሰርሰሪያና መጋዝ፣ «አገር ቤት እልከዋለሁ» ተብሎ የተቆለለ ካርቶን ነው። ለእረፍት ሲመጣ ለአጎቱ አንድ ድሪል በስጦታ አመጣ፤ ምርቃቱ ሳያልቅ ሶኬት ላይ ተሰካ። ዕቃው የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፣ የኛ መስመር 220 ነው። ቮልቱ እጥፍ ሊሆን ሲቃረብ በጥምጥሙ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ከሦስት እጥፍ ያልፋል። ድሪሉ በቁጣ ጮኸ፣ ሰማያዊ ጭስ ተፋ፣ ዝም አለ። አጎትየው አላዘኑም፤ ዓይናቸው በራ። አዲስ የሚፈታ ዕቃ ተገኘ።

የሚሠራ ድሪል ያገኘ ሰው ደግሞ ጎረቤት አይሁንባችሁ። የሚሰቀል ነገር ሲጠፋ መበሳት ስለማይቀር፣ ለቀን መቁጠሪያም ለመጥረጊያም ግድግዳ ይበሳል። ጭቃ ቤት ከሆነ ፊሸሩ ከነጭቃው ተነቅሎ ይመጣል። ብሎኬት ከሆነ መሀሉ ክፍት ነውና ፊሸሩ ወደ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል፣ ሁለተኛም ይገባል፣ ሦስተኛም።

የእመቤቲቱ ብቸኛ የጦር ጓደኛ ቁራሌው ነው። ባል ሥራ በሄደበት ረፋድ ላይ በበሩ ሲያልፍ ትጠራዋለች። አንድ የፍሪጅ በር፣ ያ አንገቱን የደፋ ማራገቢያ፣ ከጣሳው ላይ ሁለት ጭብጥ ብሎን ይሄዳል። የቀሩት ሁለት በሮች ይቆያሉ፤ ሁሉን በአንዴ መሸጥ ጥርጣሬ ያመጣል። ቅዳሜ ባልየው «እዚህ የነበረው በር የት ገባ?» ይላል። «የቱ በር?» ትላለች። ይሄኔ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይወርዳል። እዚያ የማይገኝ አሮጌ ብረት የለምና ልክ ያጣውን የሚመስል በር አግኝቶ፣ ተከራክሮ፣ ገዝቶ፣ ታክሲ ኮንትራት ይዞ ይመለሳል። የበሩ ጥግ ላይ ልጁ ሕፃን ሳለ የለጠፈው የማስቲካ ስዕል አለ። ማንም ምንም አላለም።

እርግጥ ነው፣ ፍርዱ ሁሉ በአባወራው ላይ ብቻ አይሁን። «ነገ ጠዋት እመጣለሁ» ብሎ የሚጠፋ የቧንቧ ሠራተኛ ስንት ነው! የውስጥ ጎማዋን ብቻ መቀየር የሚበቃትን ቧንቧ ሙሉውን ካላስለወጣ የማይሄድስ? ሰው ራሱ ልሞክር ቢል አይፈረድበትም። እውነትም የሚያውቁ አሉ፤ እነሱን የምታውቋቸው ወርክሾፓቸው ባዶ በመሆኑ ነው።

ለማንኛውም ባለሙያው በመጨረሻ ይጠራል። ትንሽ ቦርሳ ያነገተ ወጣት ነው። ምጣዱን ገልብጦ ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ የአገሬ ባለሙያ ሁሉ ሥራ የሚጀምርባትን ጥያቄ ይጠይቃል፦

«ጋሼ፣ ይሄን ማን ነካው?»

«እኔ እንጃ ልጄ» ይላል ሒሳብ ሹሙ፣ ጥፍሩ ውስጥ ጀሶ እንዳለ። «የቀድሞዋ ሠራተኛ ትሆናለች።»

«ሳይነካ ቢሆን ቀላል ነበር» ይላል ልጁ። ዋጋው እዚያችው ላይ እጥፍ ይሆናል። ባለቤትየው ወደ ጣሪያው ታያለች፤ የጣሪያውንም ፍሳሽ ባለፈው ክረምት የደፈነው እሱ ነበር።

ይህን የምታነብ ወንድሜ፣ በሩንም ፍታው፣ ሬዲዮኑንም ፍታው፣ ቮልሷም ድንጋይዋ ላይ ትቆይ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ያን ዕለት ቆጣሪው አልመለስ ሲልህ በተቃጠለው ፊውዝ ፋንታ ያጠመድካት ወፍራም የመዳብ ሽቦ አለች። ፊውዝ የተሠራው ከግድግዳው ውስጥ ሽቦ ቀድሞ እንዲቃጠል ነው፤ ያንተዋ ሽቦ አትቃጠልም፣ ቤቱ ነው የሚቃጠለው። ዋናውን አጥፋና ዛሬ ማታ አውጣት፤ ነገ በልኩ የተሠራውን ገዝተህ አስገባ። ልጁንም አትቀስቅሰው፤ ባትሪውን ራስህ ያዝ።