ጀርባችንን ያስጎበኘናት ከተማ

ባንኮክ ውስጥ ጀርባችንን ያላየ ቤተ መቅደስ የለም። ይህን የምለው በኩራት ነው። አጎቴን ለማሳከም ሄደን፣ እሳቸው ሆስፒታል ተኝተው፣ እኛ ሦስት አስታማሚዎች ከተማዋን በአንድ ቀን ተኩል ጨረስናት። ሌላው ሳምንት የሚፈጅበትን እኛ በሁለት የስልክ ባትሪ ተወጣነው። ዘዴው ቀላል ነው፤ ከታክሲ መውረድ፣ ለሚጎበኘው ነገር ጀርባ መስጠት፣ ስልክ ከፍ አድርጎ ፈገግ ማለት፣ ታክሲ መሳፈር። ዞር ብሎ ማየት ጊዜ ይፈጃል። ደግሞስ ፎቶው ላይ አለ አይደል? አገር ቤት ገብተን ተረጋግተን እናየዋለን።

እርግጥ ባደግንበት ቤት ለታላቅ ሰው ጀርባ መስጠት ነውር ነበር። ከአያታችን ክፍል ስንወጣ እንኳ የኋሊት እየተራመድን ነው። ያ ግን ስልክ ካሜራ ሳያወጣ ነው። ዋት ፖ በሚባለው ቤተ መቅደስ 46 ሜትር ርዝመትና 15 ሜትር ከፍታ ያለው ወርቃማ ቡድሃ በጎኑ ተጋድሟል። የአገሩ ሰዎች ጫማቸውን አውልቀው፣ እግራቸውን ወደ ኋላ አጥፈው ከፊቱ ይንበረከካሉ። እኛን ያስጨነቀን ሌላ ነገር ነው፤ ቡድሃው ፎቶ ውስጥ አልገባ አለ። ራሱ ሲገባ እግሩ ይቀራል፣ እግሩ ሲገባ ራሱ ይቆረጣል። የሠሩት ሰዎች ምን ነካቸው? ለሚመጣው ትውልድ ትንሽ ቢያስቡ ምን ነበረበት? በመጨረሻ ከውስጥ እግሩ ሥር ቆመን ተነሣን። እዚያ ላይ በዕንቁ ዛጎል የተሠሩ 108 ምልክቶች አሉ ይባላል። ይባላል የምለው፣ በእኔ ፎቶ ላይ ምልክቶቹን ጭንቅላቴ ስለሸፈናቸው ነው። ከጀርባው በኩል 108 የነሐስ ሳህኖች ተደርድረዋል፤ ምእመናን በየሳህኑ ሳንቲም እየጣሉ ሲያልፉ አዳራሹ በሙሉ ያቃጭላል። እሱንም ቀርጸነዋል፤ ዘፈን ስለጫንንበት ግን አይሰማም።

ወደ ታላቁ ቤተ መንግሥት ስንሄድ በሩ ሳንደርስ አንድ ትሁት ሰው አስቆመን። «ዛሬ ዝግ ነው» አለን፤ ደግነቱ በዝቶ በቱክቱክ (እኛ ባጃጅ በምንለው) ሌላ ቦታ ላስጎብኛችሁ አለ። የአጎቴ ልጅ መርካቶ ውስጥ የተጭበረበረ ጨርቅ አሽትቶ የሚለይ ነጋዴ ነው። እሱም አመነ! ባጃጁ ከአንድ የከበረ ድንጋይ መሸጫ ደጃፍ አወረደን። ቤተ መንግሥቱ ለካ እንደወትሮው ክፍት ነበር፤ ቱሪስት ጠባቂዎቹን ሳይሆን የመንገዱን ሰው የሚጠይቅ መሆኑን ግን ያ ሰው ከእኛ በላይ ያውቃል።

ተመልሰን ለሰው 500 ባህት ከፍለን ገባን። የከተማዋ እምብርት የሚባለው የመረግድ ቡድሃ እዚያው ግቢ ነው። ቁመቱ 66 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ስሙ መረግድ ይባል እንጂ መረግድ አይደለም፣ ሌላ አረንጓዴ ድንጋይ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1779 ከቪየንቲያን ማርኮ ያመጣው የጦር አዛዥ፣ ዛሬ ራማ 1ኛ የሚባለው፣ በ1782 ነገሠና መናገሻውን ከቻዎ ፕራያ ወንዝ ማዶ ወደዚህኛው ዳር አሻገረ። እስከ ዛሬም ለበጋው፣ ለዝናቡና ለብርዱ በዓመት ሦስት ጊዜ የቡድሃውን ልብስ የሚቀይሩለት ንጉሡ ናቸው። ይህን ሁሉ ያነበብኩት ከተመለስኩ በኋላ ነው። እዚያ ሳለን የያዝነው ቁም ነገር አንድ ነበር፤ ውስጥ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ስለዚህ ውስጥ ምንም የሚታይ የለም ማለት ነው። በአርባ ሰከንድ ወጣን።

ዋት አሩን ግን ክሶናል። ስሙ የንጋት ቤተ መቅደስ ማለት ነው። እንደ ስሙ ጎህ ሲቀድ ሄዶ ማየት የኋላ ቀር ሥራ ነውና ሁሉም ሰው እንደሚያደርገው በማታ ሄድን። ከወንዙ ማዶ ሰገነት ላይ አንድ ጭማቂ በሦስት ጭማቂ ዋጋ ገዝተን፣ ፀሐይ ከማማው ጀርባ ስትጠልቅ ለንጋቱ ጀርባችንን ሰጠን። በማግስቱ ተሻግረን ደግሞ የታይ ባህል ልብስ ተከራየን። አጠገባችን የቆሙት ሠላሳ ያህል ሰዎችም ያንኑ ልብስ ተከራይተው ነበርና ራሳችንን ከፎቶው መለየት አስቸግሮናል። ማማው ከታች እስከ ላይ በቻይና ሳህንና ስኒ ስብርባሪ ያጌጠ ነው፤ ከቻይና የሚመጡ መርከቦች ሚዛን እንዲጠብቁ ከሆዳቸው የጫኑት ሸክላ ነበር ይላሉ። እኛ ቤት ስኒ ሲሰበር እናቴ ቀኑን ሙሉ ትነጫነጫለች፤ እነሱ ግን ግንብ አለበሱበት። ይህንንም የነገሩኝ አጎቴ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ከነርሷ የሰሙት።

አዎ፣ ከአልጋ ያልወረዱት አጎቴ። ማታ ማታ ስንመለስ ፎቶ እናሳያቸዋለን፤ እሳቸው ደግሞ የማይረባ ወሬ ያወሩልናል። የአገሩ ሰው ከመሸ በኋላ ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛ ነው አሉን፤ ፈረንጅ ሰባት ሰዓት የሚለው ለእነሱም ምሽት 1 ሰዓት ነው። የሐኪሙ ወረቀት ላይ ዓመቱ 2568 ተብሎ ተጽፎ አይተዋል። «እኛ ከፈረንጅ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀረን ብላችሁ ታፍራላችሁ፤ ፈረንጁስ ከእነዚህ ሰዎች 543 ዓመት ቀርቶ የለም እንዴ?» ብለው ሳቁ። እኛ ፎቶ እያሳመርን ስለነበር በደንብ አልሰማናቸውም። የቻዎ ፕራያ ወንዝ ውሃ ቡኒ ሆኖ ስላስቸገረን ሰማያዊ እያደረግነው ነበር። ያ ቡኒ ነገር የመካከለኛውን ታይላንድ የሩዝ ማሳ ያበጀው ደለል ነው፤ ከሰማያዊ ልብሳችን ጋር ግን አልሄደም።

የአጎቴ መስኮት በወንዙ ትይዩ ነው። በሦስተኛው ቀን ማታ 412ኛው ፎቶ ላይ ስንደርስ ስልኩን መለሱልኝና «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይህ ወንዝ ወዴት ነው የሚፈሰው?» አሉ።

«ጋሼ፣ ወንዝ ነዋ... ወደ ታች።»

«ጣና ላይ ያስቸገረን እንቦጭ እዚህም አለ። ጠዋት ከቀኝ ወደ ግራ ሲሄድ አየሁት። ከሰዓት በኋላ ያው እንቦጭ ከግራ ወደ ቀኝ ተመለሰ። እናንተ ስትሻገሩት ነው የዋላችሁ፤ ወዴት ሲሄድ ነበር?»

ሦስታችንም ስልካችንን ከፈትን። ከ412ቱ ፎቶ ወንዙ ያለበት 90 ያህል ይሆናል፤ በአንዱም አይንቀሳቀስም።

አጎቴ ትክክል ነበሩ። ቻዎ ፕራያ ወደ ደቡብ፣ ወደ ታይላንድ ባሕረ ሰላጤ ይፈሳል፤ ባሕሩ ሲሞላ ግን ውሃው ባንኮክ ድረስ ወደ ኋላ ይገፋል፣ እንቦጩም አብሮ ይመለሳል።