ቦርዴ ስንት ነጥብ አመጣ?

ስኮትላንዶች «ዊ ሄቪ» የሚሉት ጠንካራ ቢራ አላቸው። ብቅሉ የበዛ፣ መልኩ ወደ ቡናማ የሚያደላ፣ አልኮሉ አንዳንዴ 10 በመቶ የሚደርስ። ይህን ቢራ እንደ ማንኛውም መጠጥ አንስቶ መጠጣት ነውር ነው፤ ወግ አለው። የአሜሪካ የቢራ ዳኞች በሚሞሉት ቅጽ ላይ ለሽታ 12፣ ለመልክ 3፣ ለጣዕም 20፣ አፍ ሲገባ ለሚሰጠው ስሜት 5፣ ለአጠቃላይ ግምት 10 ነጥብ ተመድቧል፤ ድምሩ 50። ዳኛው ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ያነሳል፣ ያዞራል፣ አፍንጫውን ይከታል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያም ይጽፋል፦ የተቃጠለ ስኳር፣ ዘቢብ፣ የአሮጌ ቆዳ ወንበር። «ጥም ቆርጧል ወይስ አልቆረጠም» የሚል ጥያቄ ቅጹ ላይ የለም። እንዲህ ያለ ተራ ነገር ከሙያው ክብር ጋር አይሄድም።

እኛ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ የሸኮና የሚዛን ሰዎች በዚህ ረገድ እጅግ ኋላ ቀርተናል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቦርዴ ቤት ጎራ ብሎ ማየት ይበቃል። ጫኝና አውራጆቹ አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። ሴትዮዋ ከእንስራው እየጨለፈች በቅል በቅል ታድላለች፤ ሚጥሚጣው በሳህን ቀርቧል። አንዱ ወጣት ቅሉን ያጋምስና «እናት፣ ዛሬስ ቀጠነ» ይላል። «በቆሎ ተወዷል ልጄ፤ ባይሆን እጨምርልሃለሁ» ትላለች። ትጨምርለታለች፣ ይጠጣል፣ አፉን በእጁ ጠርጎ ይወጣል። ቅምሻው አለቀ። ቅጽ የለ፣ እርሳስ የለ፣ ዓይን መጨፈን የለ! በዚህ ሁኔታ እንዴት አድርገን ከዓለም እኩል እንራመድ?

ስለዚህ ቦርዴያችንን በሠለጠነው ቅጽ እንመዝነው። መልክ፦ ዳኛው ቅሉን ወደ ፀሐይ ቢያነሳ የሚያየው የቅሉን ቂጥ ነው፤ ሦስቱ ነጥብ እዚያው ቀረ። ሽታ፦ እርሾ፣ ጭስ፣ የተቆላ በቆሎ። ቆዳ ቆዳ ከሸተተም ከወንበር አይደለም፤ አጠገቡ ከተቀመጠው የቆዳ ነጋዴ ነው። ጣዕም፦ ጣፈጥ፣ ኮምጠጥ ይላል። ጌሾ የሌለው መጠጥ ስለሆነ ምረት ፈልጎ የመጣ ዳኛ ባዶ እጁን ይመለሳል። አፍ ውስጥ የሚሰጠው ስሜት፦ ይታኘካል። ዱቄቱ ገሚሱ ተቆልቶ፣ ገሚሱ ገንፎ ሆኖ፣ ብቅል ገብቶበት ቀናት የተለፋበት ነገር ነው፤ ካደረ ደግሞ ይኮመጥጣልና እስከ ዓመታዊው ውድድር አይቆይም። በእኔ ግምት ከ50 ነጥብ 11 ያመጣል። ያንን የጠጣ ሰው እስከ ቀትር ጆንያ ሲሸከም ውሎ እንደማይርበው አልዘነጋሁም። ለዚያ የተመደበ ነጥብ ስለሌለ ነው።

ስኮትላንዶቹ ራሳቸው ድሮ እንዲህ አልነበሩም፤ ይህን ስናገር አፍርላቸዋለሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቢራቸውን የሚጠሩት በበርሜሉ ዋጋ ነበር፦ ባለ 60 ሽልንግ፣ ባለ 70፣ ባለ 80። ብቅል ከበዛ ሽልንጉ ይበዛል፣ ካነሰ ያንሳል፤ ገዢው ኪሱን ዳስሶ ይመርጣል። ከአንዱ ብቅል መጀመሪያ የወረደውን ወፍራሙን ለጠንካራው ቢራ ያውሉና በዚያው ብቅል ላይ እንደገና ውሃ አፍስሰው ቀጭኑን የሚያወጡበት ዘመንም ነበር። ይህን ሲሰማ ቅራሪ ትዝ የማይለው አበሻ ካለ እናቱ ጠላ ጠምቃ አታውቅም ማለት ነው።

ቀማሽ አልነበረንም ማለቴ እንዳልሆነ ግን ይታወቅልኝ። ድሮ በቤተ መንግሥትም ሆነ በመኳንንት ቤት አሳላፊው ጠጁን ለጌታው ከማቅረቡ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ፉት ይል ነበር። ነጥቡ ሁለት ነው፦ አሳላፊው ቆሟል፣ አሳላፊው ወድቋል። ዛሬ በሚሰጠው ነጥብ ግን የሚወድቅ ቀማሽ የለም። ለዚህም ይሆናል የዛሬ ቀማሾች እንዲህ የሚደፍሩት።

ደግነቱ አዲስ አበባ ተስፋ አላት። ትናንት «አንድ ጃምቦ!» ብለው ይጮሁ የነበሩት ልጆች ዛሬ ቦሌ ተቀምጠው፣ ከኤድንብራ በዘመድ ሻንጣ የመጣች አንዲት ጠርሙስ መሐል ላይ አቁመው፣ በአረቄ መለኪያ ተካፍለው ያሸታሉ። «ካራሜል አለው» ይላል አንዱ። «ኧረ ዘቢብ ነው» ይላል ሌላው። ሦስተኛው ከሩቅ የጭስ ሽታ አግኝቶ ጭንቅላቱን በአድናቆት ይወዘውዛል። አራተኛው «የእማዬን ጠላ ይመስላል» ብሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አልተጠራም። ጥፋቱ ቀላል አይደለም። እናቱ ገብሱን አሻሮ አድርጋ ስትቆላ፣ ጋኑን በግራዋ አጥባ በወይራ ስታጥን ያየ ልጅ እነዚያን ሁሉ ሽታዎች ያውቃቸዋል። ግን ጋኑ ላይ ቀሚስ የለበሰ ስኮትላንዳዊ የተሳለበት ወረቀት አልተለጠፈም። ያለ ወረቀት ደግሞ ጭስ ጭስ ነው፤ ሰው ከማስነጠስ አልፎ ነጥብ አያሰጥም።

ቡና ባይኖር ይህን ሁሉ የከተማ ልጅ ጨዋታ ነው ብለን እናልፈው ነበር። በእኛ አገር ግን ቅምሻ እንጀራ ነው። ቡና ቀማሹ በማንኪያ ጨልፎ እያፏጨ ይስባል፣ ያጉመጠምጣል፣ ይተፋል፤ ከ100 ነጥብ 80ና ከዚያ በላይ ያገኘው ልዩ ቡና ይባላል። ሻጋታና የአፈር ሽታ የሚለይ ምላስን አልንቅም፤ ያ ሥራ ነው። የሚገርመኝ ከዚያ በላይ ያለው ነው። የጌሻ ቡና ዘር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከዚሁ ከእኛ ደቡብ ምዕራብ ጫካ ተወስዶ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኮስታሪካ በኩል ፓናማ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2004 ፓናማ ውስጥ በተደረገው ውድድር ቀማሾች አፋቸው ላይ አዙረው ከተፉት በኋላ አንዱ ፓውንድ በ21 ዶላር ተሸጠ፤ በ2019 ደግሞ በ1,029 ዶላር። በሲኒው ውስጥ የእግዚአብሔርን ፊት አየሁ ያለ ዳኛ እንደነበረም ይወራል። እኛ ስንት ዘመን ጫካው ውስጥ ኖረን፣ ከዛፉ ሥር ተኝተን ያላየነውን! ምናልባት ሳንተፋ ስለምንጠጣ ይሆናል።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲመጣ እኛም ነጥብ አገኘን፦ 40ው ለጥሬው፣ 60ው ለሲኒው። የቴፒ ቡና ተቀመሰ፣ ደረጃ ወጣለት፣ ከእኩያው ጋር ተደባልቆ መጋዘን ገባ። የማን ማሳ እንደሆነ መለየት ግን ለብዙ ዓመት አልተቻለም። ነጥቡ ተመዘገበ፣ ባለቤቱ ጠፋ። ለአንድ ቡና ከዚህ የበለጠ ምን ክብር አለ?

ባለቤቱ እሸቱን በኪሎ ሸጦ ቤቱ ሲገባ የሚጠብቀው የቡና ቅጠል ነው። ጨሞ ይባላል። ቅጠሉ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከኮረሪማና ከቃሪያ ጋር ይፈላል፤ ፍሬው ለገበያ፣ ቅጠሉ ለቤት። አንድ ሲኒ ጨሞ ውስጥ ስላለው ነገር ቀማሾቻችን ሁለት ገጽ ሊጽፉ ይችሉ ነበር። ግን የጓዳ መጠጥ ነውና እስካሁን ነጥቡ ዜሮ ነው።

ወቀሳ ብቻ እንዳይሆንብኝ ግብዣ አቀርባለሁ። የስኮትላንዱን ቢራ የሚዳኙም፣ የጌሻን ሲኒ የሚያመልኩም፣ የቦሌዎቹም ልጆች ሸኮ ይምጡና ቦርዴ ይቅመሱ። ደንቡ ጥቂት ነው። ዳኛው ጠዋት 12 ሰዓት ይገኛል። ከመቅመሱ በፊት ባለ 60 ኪሎ የቡና ጆንያ ከመጋዘን አውጥቶ አይሱዙ ላይ ይጭናል፤ ምላስን ያጸዳል ተብሎ ነው። መትፋት ክልክል ነው፤ ሴትዮዋ ትቆጣለች። ዘቢብ ወይም የቆዳ ወንበር የቀመሰ በእጁ ምልክት ሰጥቶ ይውጣ፤ አግዳሚው ጠባብ ነው፣ ተረኛ ቆሟል። የመመዝገቢያ ክፍያ አንጠይቅም። ቅሉን ግን መልሱ።