በእምነት የመክሰር መመሪያ

ኑሮ ከብዷል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀው 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ መቶን ተሻገረ፤ ደመወዝዎ ግን ታላቅ ጽናት አሳይቶ ባለበት ቆሟል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው ወደ ፈጣሪው ቢጠጋ አይገርምም። የሚያሳስበው አንዳንዱ ሰው ጸሎቱንም ሒሳቡንም አብሮ ለመያዝ መሞከሩ ነው። ከዚህ ድርብ ድካም ልንገላግልዎ ስንል የሚከተለውን መመሪያ አዘጋጅተናል። ሳያዛንፉ ከተከተሉት ያለ ጥርጥር ይከስራሉ፤ ከስረውም ጥፋቱ የእርስዎ አይሆንም።

አንድ፦ ሒሳብ አይያዙ

ገንዘብ ሲቆጠር በረከቱ ይሸሻል። ስለዚህ ደመወዝ በገባ ቀን ስልክዎ ላይ የሚመጣውን መልእክት «ተመስገን» ብለው ይዝጉት፤ ቀሪ ሒሳብ የሚለውን መሥመር ግን አይዩት። ወሩ ሳይጋመስ ብሩ ሲያልቅ ባለቤትዎ «የት ገባ?» ብለው ከጠየቁ፣ ጥያቄው የእምነት ማነስ ምልክት መሆኑን በፍቅር ያስረዷቸው። የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም። የቤት ኪራይ ከጉሮሮ ይቆጠር እንደሆነ አጥብቀው አይጠይቁ።

ግንብ ሊሠራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ የሚናገር ምሳሌ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 አለ። ይለፉት። ዮሴፍ በጥጋቡ ሰባት ዓመት ከምርቱ አምስተኛውን እጅ አስቀምጦ የረሃቡን ሰባት ዓመት እንዳሻገረ ሲነበብልዎም፣ ወንድሞቹን ይቅር ያለበት ቦታ ላይ ያልቅሱ እንጂ ጎተራው ዘንድ አይቆዩ። ጎተራ የሚያስለቅስ ነገር የለውም።

ሁለት፦ ስለት በገፍ ይሳሉ

ከሰማይ ጋር የሚደረግ ውል ዋስ አይጠይቅም፤ ማኅተምም አያስፈልገውም። ስለዚህ መጠኑን አይገድቡ። የሦስት ወር ኪራይ ያለበት ሰው «ይህን ብታደርግልኝ ለታኅሣሥ ገብርኤል ቁልቢ ድረስ ሄጄ ባለ ወርቀ ዘቦ ጥላ አስገባለሁ» ቢል ማን ይከለክለዋል? ስለቱ የሰመረ እንደሆነ ከሦስት ሰው ተበድረው ይሂዱ። የመልአኩን ቀን በሰዓቱ ያክብሩ፤ የአከራይዎ ቀን ቢያልፍ ግን አይጨነቁ፣ አከራይዎ መልአክ አይደሉም።

ተስሎ ከማስቀረት መጀመሪያውኑ አለመሳል ይሻላል የሚል ምክር በመጽሐፈ መክብብ አለ የሚልዎ ሰው ካለ፣ መክብብ ተስፋ የቆረጠ ሰው መጽሐፍ ነው ብለው ይመልሱለት።

ሦስት፦ የኪራዩን ብር ይዝሩት

«ዘር የማይዘራ አያጭድም» የሚል ባለ ራእይ በአቅራቢያዎ አይጠፋም። ስብከቱ ሲጋጋል ከመድረኩ ጀርባ የባንክ ሒሳብ ቁጥር በትልቁ ይበራል። ያኔ ሞባይልዎን ያውጡና የልጅዎን የትምህርት ቤት ክፍያ ያስተላልፉ። ሺህ የዘራ መቶ ሺህ እንደሚያጭድ ተነግሮዎታል፤ ይህን ያህል የሚያስገኝ ዘር ካለ ሰባኪው ለምን ራሱ እንደማይዘራው ግን አይጠይቁ። ዝናቡ ዘግይቶ ይሆናል።

በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 4 ላይ ባሏ ዕዳ ትቶባት የሞተ አንዲት መበለት አለች። አበዳሪው ሁለት ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ መጥቶባታል። ኤልሳዕ በቤቷ ምን እንዳላት ጠየቃት፤ ከጥቂት ዘይት በቀር ምንም አልነበራትም። ከጎረቤት በተዋሰችው ማድጋ ሁሉ ዘይቱ ሞልቶ ሲቆም፣ ሽጣ ዕዳዋን እንድትከፍልና በተረፈው ከልጆቿ ጋር እንድትኖር ነገራት። ነቢዩ ለራሱ አንዲት ማድጋ አስቀረ የሚል ቦታ የለም። የዛሬው ባለ ራእይ ይህን ምዕራፍ ሲሰብክ ዘይቱ ዘንድ ያቆማል፤ እርስዎም አያስጨርሱት።

ሙስሊም ከሆኑ ደግሞ የሚከተለውን ላለማወቅ ይጠንቀቁ። የገንዘብ ዘካ የሚወጣው ኒሳብ (ዘካ የሚያስወጣው ዝቅተኛ መጠን) ከሞላና አንድ ዓመት ከቆየ ሀብት ላይ ነው፤ መጠኑም 2.5 በመቶ ብቻ ነው። ከስምንቱ የዘካ ተቀባዮች አንዱ ደግሞ ዕዳ ያጎበጠው ሰው ነው። ማለትም ሃይማኖትዎ በተቀባዮች መዝገብ ላይ አስፍሮዎታል። ይህ ክብር የሚነካ ነገር ስለሆነ ሰው ባለበት ቆመው የቤቱን አስቤዛ ይስጡ።

እናትዎ የመድኃኒት ብር ከጠየቁዎት «ለፈጣሪ ሰጥቼዋለሁ» ይበሏቸው። ይህን ያሉ ሰዎች በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ምን እንደተባሉ እርሳቸው አያነቡ ይሆናል።

አራት፦ ጾሙን በፋሲካ ያወራርዱት

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሥጋው፣ ቅቤው፣ ወተቱና ዕንቁላሉ ከቤት ሲጠፋ ከአስቤዛው የሚተርፍ ብር ይኖራል። ይህ ብር አደገኛ ነው፤ ከቆየ ቁጠባ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እስከ ቀዳም ሹር ከሰዓት በኋላ ይጠብቁና ዋጋ ጣራ ሲነካ ገበያ ይውጡ። ነጋዴው ዶሮዋን በእግሯ አንጠልጥሎ ላባዋን እየገለጠ ደረቷን ሲያሳይዎ፣ ዶሮዋን ሳይሆን በር ላይ ያለፉትን ጎረቤትዎን ያስቡ፤ እሳቸው ሁለት ይዘው ነበር። ከዚያ ቅርጫ ይግቡ። በግም ይጨምሩ። «እንደ ቤቴ እንጂ እንደ ጎረቤቴ አልኖርም» የሚለው ተረት ጎረቤት በሌለበት አገር የተተረተ መሆን አለበት።

በዚህ ስልት የ55 ቀን ሽሮ በአንድ ጠዋት ይወራረዳል። ከማግስቱ ጀምሮ ወደ ሽሮው ይመለሳሉ፤ ልዩነቱ የአሁኑ ሽሮ በዱቤ መሆኑ ነው።

ተዝካርም ቢሆን ለሰነፍ አይተዉት። ሟች በሕይወት ሳሉ ለመድኃኒት የጠፋላቸው ብር ለ40 ቀናቸው ድንኳን አይጠፋም። እሳቸው ትተው የሄዱት ዕዳ ካለ ግን አያንሡት፣ ዕዳ መክፈል ሰው አይጋብዝም። በእስልምና ነቢዩ ሙሐመድ በሟች ላይ ከመስገዳቸው በፊት ዕዳ አለበት ወይ ብለው ይጠይቁ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ጥያቄው ዛሬም ከባድ ነው፤ ስለዚህ ንፍሮው ሲዞር ማንም አያንሣው።

አምስት፦ እቁቡን ተአምር ይበሉት

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሃያ ሰው ተሰብስቧል። እያንዳንዱ 2,000 ብር ጥሎ 40,000 ብር ጠረጴዛ ላይ አለ። ጸሐፊው ስሞቹን በቁራጭ ወረቀት ጠቅልሎ ባርኔጣ ውስጥ ጨመረ፤ በር ላይ ሲጫወት የነበረ ሕፃን ተጠርቶ እጁን ከተተ። የእርስዎ ስም ወጣ። የመጀመሪያው ዕጣ!

ጸሎትዎ ተሰምቷል። እዚህ ላይ ሰይጣን በሒሳብ መልክ ሊመጣብዎ ይችላል። ከ40,000ው ውስጥ 38,000ው የሌሎቹ 19 ሰዎች ብር ነው፤ ያለ ወለድ ያበደሩዎት፣ እርስዎም በ19 ወር የሚመልሱት ዕዳ ነው ይልዎታል። አይስሙት። ለእግዚአብሔር ስጦታ ማን ወርኃዊ ክፍያ ይከፍላል? ለሁለት ወር ይጣሉ፣ በሦስተኛው ስልክዎን ያጥፉ። የእቁቡ ዳኛ የእርስዎን ዋስ ፈልገው ያገኟቸዋል፤ ዋስዎ ጥሩ ሰው ስለሆኑ ይከፍላሉ። መጽሐፈ ምሳሌ ለሰው ዋስ መሆንን ደጋግሞ ያስጠነቀቀው እርስዎን የመሰለ ሰው አይቶ ነው።

እድርዎ ዘንድ ግን ችግርዎን አያፍሱ። አንዳንድ እድሮች ከቀብር አልፈው የታመመና የተቸገረ አባል ይረዳሉ። እርስዎ ይታገሡ፤ ድንኳኑም ወንበሩም ሲሞቱ ይመጣል።

ስድስት፦ ሲበደሩ ወረቀት አይንኩ

በወንድማማች ምእመናን መካከል ወረቀት ምን ይሠራል? ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የአል በቀራህ 282ኛው፣ ዕዳ በቀጠሮና በምስክር ይጻፍ የሚል መሆኑ እውነት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ እንዲረጋገጥ ያዛል። ሆኖም ወረቀት ካለ የብድሩ መጠን ይታወቃል፤ መጠኑ ከታወቀ ደግሞ ሁለታችሁም እየማላችሁ የምትጣሉበት ምክንያት ይጠፋል።

ወለድ ስለሚያስፈራዎ ባንክ ደጅ ካልደረሱ፣ ዘምዘምና ሂጅራን የመሳሰሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ መከፈታቸውን ያልሰሙ ይምሰሉ። ይልቁንም የሰፈሩ አራጣ አበዳሪ ጋ ይሂዱ። 50,000 ብር በወር በ10 በመቶ ሲወስዱ በየወሩ 5,000 ብር ያደርሳሉ። ዓመት ሲሞላ 60,000 ከፍለዋል፤ ዋናው 50,000 ደግሞ ሳይነካ፣ ታማኝ ሆኖ፣ እየጠበቀዎ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በግለሰቦች መካከል የሚደረግ የብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳያልፍ ይከለክላል፤ አራጣ በወንጀልም ያስቀጣል። ስለዚህ አራጣ አይበሉት። «ምስጋና» ይበሉት። ኅሊና ስም ሲለወጥለት ቶሎ ይተኛል።

ሰባት፦ ተአምሩን ቁጭ ብለው ይጠብቁ

ሥራ መፈለግ ፈጣሪን ማጣደፍ ነው። በ1 ልደታ፣ በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ24 ተክለ ሃይማኖት፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ። ቅዳሜና እሑድ ሲጨመርበት ለሥራ የሚቀረው ቀን ለመጀመር አይበቃም፤ ስለዚህ አይጀምሩ። ቤተ ክርስቲያን በእነዚህ ቀናት ሁሉ ሥራ ፍቱ አላለችም የሚል ካህን ካጋጠመዎ ሌላ ካህን ይፈልጉ። ጳውሎስ ወንጌል እየሰበከ ድንኳን ይሰፋ የነበረው ምናልባት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ስለማያውቅበት ይሆናል።

ስምንት፦ ለማንም አይናገሩ

«እንዴት ነዎት?» ሲሉዎት «እግዚአብሔር ይመስገን» ይበሉ። ቃሉ ደግ ነው፤ ረሃብንም፣ የፍርድ ቤት መጥሪያንም፣ የተቆረጠ መብራትንም ይሸፍናል። ለንስሐ አባትዎ ስለ ቁጣና ስለ ሐሜት ይናዘዙ፤ ስለ አራጣው ዝም ይበሉ። ለባለቤትዎ የሚነገርበት ተገቢው ጊዜ የቤቱ ዕቃ የሚጫንበት ጠዋት ነው።

ከማን መራቅ እንዳለብዎ

ይህን ሁሉ ሊያበላሹብዎ የሚችሉ ሰዎች በየሰፈሩ አሉ። እኛ የምናውቃቸው እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናት ናቸው። በሌሊት ኪዳን አድርሰው ይመለሱና ምጣዱ እስኪግል አንድ የተጎሳቆለ የተማሪ ደብተር ይገልጣሉ። ከገጹ አናት መስቀል ይሥላሉ። ከመስቀሉ ሥር በግራ «ያለብኝ»፣ በቀኝ «ያሉኝ» ተብሎ ተጽፏል። ጤፍ ሲወደድ ዱቤያቸው ያበጠ ጊዜ፣ ቀጠሮው ሳይደርስ ነጋዴው ሱቅ ሄደው «ልጄ፣ ሙሉው አልሞላልኝም። ግማሹን እንካ፤ የቀረውን በሚካኤል ማግስት አመጣልሃለሁ» አሉት። በ13ም አመጡለት። ነጋዴው ከዚያ ወዲህ ለሌላው ዱቤ ሲከለክል ለእሳቸው አይከለክልም። ሙዳየ ምጽዋቱ ውስጥ የሚከቱት ጥቂት ብር ነው፤ ግን የራሳቸው ብር ነው። በፋሲካ አንድ ዶሮ አርደው ለጎረቤት ያቋድሳሉ፤ ሁለተኛ ለምን እንዳላረዱ የጠየቃቸው ሰው የለም።

እንዲህ ያሉ እናት በአጠገብዎ ካሉ ሰላምታዎን ያሳጥሩ። ደብተራቸውን ካሳዩዎ መመሪያችን ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

በመጨረሻ

አበዳሪው በር ሲያንኳኩ ልጅዎን «አባባ ጸሎት ላይ ናቸው» ብሎ እንዲመልስ ያስለምዱት። ልጁ በአንድ ዓረፍተ ነገር መዋሸትንም መጸለይንም ይማራል። ሰውየው ደግመው ከመጡ «ፈተና ነው፣ ይጸልዩልኝ» ይበሏቸው።

አንድ አደጋ ብቻ ይቀራል። አበዳሪዎ እየጸለዩ ነው። የልጃቸው ሠርግ ደርሷል፤ ወይም ኪራይ አለባቸው፤ ሌሊት ተነሥተው «ያ ሰው ብሬን እንዲመልስልኝ ልቡን አራራልኝ» ይላሉ። የእሳቸው ጸሎት መልስ እርስዎ እንደሆኑ ድንገት ትዝ ካለዎት ወዲያው መብራቱን ያጥፉና ይተኙ፤ አለዚያ ጠዋት ተነሥተው መክፈል ሊጀምሩ ይችላሉ።