ትኬት ቆርጦ ለቅሶ

በእኛ አገር ለቅሶ የሚደረሰው ሰውዬው ከሞተ በኋላ ነው፤ ኋላ ቀርነታችን በዚህም ይታወቃል። የሠለጠነው ዓለም ቀድሞን ሄዷል። ከሮም በስተሰሜን፣ በላትሲዮ ግዛት፣ ቺቪታ ዲ ባኞሬጆ የምትባል የኮረብታ መንደር አለች፤ ለቅሶዋ በቁሟ ይደረስላታል፣ ለቀስተኛውም ወደ እሷ በሚያሻግረው ድልድይ አፍ ላይ 5 ዩሮ ከፍሎ ነው የሚገባው። የዚያው አገር ተወላጅ ደራሲ ቦናቬንቱራ ቴኪ «እየሞተች ያለች ከተማ» ሲላት ስሙ ሐዘን ነበረበት። ዛሬ ማስታወቂያ ነው። ሳትጠፋ ድረሱባት ይባላል፣ ጎብኚውም ይደርስባታል፦ እ.ኤ.አ. በ2009 ገደማ በዓመት 40 ሺህ ያህል የነበረው ለቀስተኛ ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ከ800 ሺህ አለፈ። ባለ ሐዘኖቹ፣ ማለትም በመንደሯ ውስጥ በቋሚነት የሚኖሩት፣ ከሃያ አይበልጡም።

አሟሟቷ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያምራል። ኤትሩስካውያን የተባሉት የጥንት ሰዎች ከ2500 ዓመት በፊት የቆረቆሯት እሳተ ገሞራ በተፋው ለስላሳ ድንጋይ ላይ ነው፤ ከድንጋዩ ሥር ያለው ግን ሸክላ አፈር ነው። ዝናቡና ጅረቱ ሸክላውን ከሥር ይበላዋል፣ ላዩ መቆሚያ ሲያጣ ይሰነጠቃል፣ የመንደሩ ጠርዝም ከነቤቱ ቁልቁል ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1695 የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታት ሹሙም ጳጳሱም ጓዛቸውን ጠቅልለው ማዶ ወዳለችው ባኞሬጆ ተሻገሩ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ቅዱስ ቦናቬንቱራ የተወለደበት ቤት እንኳ ገደል ገብቷል፤ ናዳ ቅድስና አያውቅም። የመንደሩን በር አልፎ ለገባ ሰው ደግሞ የአንድ ባላባት ቤት የፊት ግድግዳ ቆሞ ይታያል። በሩ አለ፣ መስኮቶቹ አሉ፤ ከመስኮቶቹ በስተጀርባ ግን ክፍል የለም፣ ሰማይ ብቻ ነው። ጎብኚው ስልኩን አውጥቶ የሚጋፋው እዚህ ነው። ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ሰው አሁንም የሚኖርበት ቤት ጣሪያ ላይ ዲሽ ካየ ግን ካሜራውን ዘወር ያደርጋል፤ ማታ ማታ ዜና የሚያይ ሰው መኖሩ ፎቶውን ያበላሻል።

«ቢሆንስ፣ ገንዘቡ አይደል ያቆያት?» የሚል አይጠፋም፤ ክርክሩም ባዶ አይደለም። የመግቢያ ክፍያው እ.ኤ.አ. በ2013 በ1 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ተጀምሮ እያደገ ሄዷል። ከገቢው የተነሣ የባኞሬጆ ማዘጋጃ ቤት የነዋሪዎቹን የአካባቢ ግብር እስከ ማንሣት ደርሷል፤ ግብር ለሚከፍል ፍጡር ሁሉ የሚያስቀና ወሬ ነው። ምግብ ቤቱ፣ ማረፊያው፣ የመታሰቢያ ዕቃ መሸጫው ለብዙዎች እንጀራ ሆኗል። ስለዚህ ትኬቱ ጠቅሟል፤ የጠቀመው ግን ድንጋዩን ነው። ጎብኚው ሃያ እጥፍ ሲበዛ ነዋሪው በስንት እጥፍ በዛ? ዋሻ ውስጥ ያለው ጥንታዊ የወይራ መጭመቂያ ዛሬ ለእይታ ቆሟል፣ አጠገቡ ዘይት የፈሰሰበት የተጠበሰ ዳቦ ይሸጣል። ለአንድ ሌሊት ማደር የፈለገ እንግዳ አልጋ ያገኛል፤ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርስ ወላጅ ግን ያን ረጅም ድልድይ በእግሩ መሻገር አለበት። ነጋዴ ሆኖ ላሰበው፣ የዚህ ገበያ ዋና ጠላት ናዳው አይደለም። ናዳውማ ሸቀጡ ነው። የሚያከስረው ሃምሳ ቤተሰብ አንድ ቀን ተመልሶ ቢገባ፣ ሕፃናት አደባባዩ ላይ ኳስ ቢያንከባልሉና ሟቿ ተነሥታ ብትቀመጥ ነው።

«ጎብኚ ባይመጣላት ሌላ ማን ይመጣላት ነበር?» የሚለው መከላከያ መልስ የሌለው ይመስላል። መልሱ በደቡብ ጣልያን፣ በካላብሪያ፣ እሱም ኮረብታ ላይ ተቀምጧል። ሪያቼ የምትባል መንደር ናት፤ ወጣቶቿ ሥራ ፍለጋ ወደ ሰሜንና ወደ ባሕር ማዶ ነጉደው፣ ቤቶቿ ተዘግተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ኩርድ ስደተኞችን የጫነ ጀልባ ከባሕር ዳርቻዋ ደረሰ። በተከታዮቹ ዓመታት የተዘጉት ቤቶች ተከፈቱ፤ ከአፍጋኒስታን፣ ከኤርትራ፣ ከኢትዮጵያም የመጡ ሰዎች ገቡባቸው፣ የሽመናና የሸክላ ሥራ ቤቶች ተቋቋሙ፣ ትምህርት ቤቱም ተማሪ አገኘ። ይህን ያስተባበሩት ከንቲባ ዶሜኒኮ ሉካኖ እ.ኤ.አ. በ2018 ተያዙ፣ በ2021 የ13 ዓመት ከ2 ወር እስራት ተፈረደባቸው፤ በ2023 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አብዛኛውን ክስ ጥሎ ቅጣቱን ወደ አንድ ዓመት ተኩል በገደብ ዝቅ አደረገው። እንከን የለሽ ነበሩ አይባልም፣ ይግባኝ ሰሚውም ሙሉ በሙሉ ነፃ አላላቸውም። ቢሆንም ንጽጽሩ ሳያዩት አይታለፍም፦ ባዶነቷን የሸጠችው መንደር በራሷ መንግሥት ለዩኔስኮ መዝገብ ታጨች፤ ባዶነቷን የሞላችው ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ተንከራተተች። ስደተኛው ጥፋቱ ምናልባት የገባው ሊኖር መሆኑ ይሆናል። ሦስት ሰዓት ቆይቶ፣ አይስክሬም በልቶ፣ «ወይ ጊዜ!» ብሎ ቢመለስ ኖሮ ማንም አይነካውም ነበር።

ለነገሩ የቺቪታ ሕዝብም አልጠፋም። ከ1695 ወዲህ የተሻገሩት ሰዎች ልጅ ልጆች እዚያው ማዶ፣ ባኞሬጆ ውስጥ፣ ፋርማሲና ትምህርት ቤት ባለበት ከተማ ይኖራሉ። እነሱን ለማየት ትኬት አያስፈልግም። ለቀስተኛው በመካከላቸው ያልፋል፤ አንዳንዴም አንዱን አስቁሞ መኪና ማቆሚያው በየት በኩል እንደሆነ ይጠይቀዋል።