ስለ ዴኩ የክረምት አጠባበቅ የወጣ የቤተሰብ አዋጅ ቁጥር 4/2018

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፤ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ቤቱ ሲገዛ ዋጋውን ያስወደደው ይኸው ዴክ መሆኑ የማይካድ ስለሆነ፤

ባለፈው የካቲት ሦስት ጣውላዎች ተሰንጥቀው፣ አንዲት ምስማርም አናቷን ብቅ አድርጋ የእንግዳ ካልሲ ይዛ ስለቀረች፤

ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ማጣራቱ ለቤተሰቡ ሰላም የማይበጅ ሆኖ ስለተገኘ፤

አባወራው ለራሱ በሰጠው ሥልጣን መሠረት የሚከተለው ታውጇል።

1. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፣ «ዴክ» ማለት በረንዳ አይደለም። በረንዳ ጣሪያ አለው፤ ዴክ ግን ሰማይ ያወረደውን ሁሉ እንደ ሜዳ የሚቀበል፣ ዕዳው ግን እንደ ሳሎን የሚከፈልበት የጥድ ርብራብ ነው።

«ክረምት» ማለት ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘንበው የአገር ቤቱ ሳይሆን ከኅዳር እስከ መጋቢት የሚበርደው ነው። እማማ ይህን ትርጓሜ እስካሁን አልተቀበሉም።

2. ስለ ጠላት

ጠላታችን የበረዶው ብዛት አይደለም። በጥር 2008 ዓ.ም. በባልቲሞር አውሮፕላን ማረፊያ 29.2 ኢንች በረዶ ሲለካ የእኛም ዴክ ድርሻውን ተሸክሞ ከርሟል። ጠላታችን የዚህ አገር አየር አመል ነው፤ ቀን ያቀልጣል፣ ሌሊት ያጋግራል። ውኃ ሲረጋ መጠኑ 9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ በስንጥቅ የገባች ጠብታ ሌሊቱን ሽብልቅ ሆና ታድራለች። ረፋድ ላይ ትቀልጥና ጠለቅ ብላ ትገባለች። ማታ ሥራዋን ካቆመችበት ትቀጥላለች።

3. ስለ ቅባት

ውኃ የማያስገባው ቅባት የሚቀባው እንጨቱ በደንብ ደርቆ፣ አየሩም ከ50 ዲግሪ ፋራናይት ሳይወርድ ነው፤ ይኸውም ከመስቀል እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ። ማስፈለጉ የሚታወቀው ጣውላው ላይ ውኃ ጠብ በማድረግ ነው፤ ጠብታዋ ድቡልቡል ብላ ከተቀመጠች ዓመቱን ያዘልቃል፣ ከተመጠጠች ጊዜው አልፎበታል። የእኛ መጠጠ።

አዋጁ የወጣው በኅዳር በመሆኑ ይህ አንቀጽ ለዘንድሮ አይሠራም። በመስከረም የተገዛው የቅባት ቆርቆሮ ክዳኑ ሳይከፈት ጋራዥ ውስጥ ስለመገኘቱ ጥያቄ ማንሳት ክልክል ነው።

4. ክልከላዎች

በብረት አካፋ በረዶ መዛቅ ተከልክሏል፤ ጣውላውን ይልጠዋል። የፕላስቲኩ አካፋ በጣውላው ርዝመት ይነዳል እንጂ አግድም አይሄድም። ስስ በረዶ በመጥረጊያ ይበቃዋል።

የመንገድ ጨው መበተን ተከልክሏል። ከ2004 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለመኖሪያ ቤት የሚሸጠው የታከመ እንጨት አርሴኒኩ ቀርቶለት መዳብ ስለበዛበት፣ እንጨቱ ራሱ ተራ ምስማር ይበላል፤ ጨው ሲጨመርለት ደግሞ ቅመም ያገኘ ይመስላል።

የጤና አዳሙ ማሰሮ ዛሬውኑ ወደ ቤት ይገባል። ስሩ ያለው ጣውላ እርጥበት አቁሮ ጥቁር ሆኗል፤ ጥፍር ሲጫነው እንደ ዳቦ ይሰረጎዳል። በጣውላዎቹ መካከል የተጠቀጠቀውን ቅጠል ልጆች በቀጭን እንጨት እየፈለቀቁ ያወጣሉ፤ ስልክ ይዞ መፈልቀቅ አይቻልም።

5. ስለ ቡና

ቤት ውስጥ ቡና ሲቆላ የጭስ ደወሉ ሰፈር ስለሚቀሰቅስ፣ የከሰል ምድጃው ዴክ ላይ ሲወጣ መክረሙ ይታወቃል። መሀል ላይ ያለው ክብ ጠባሳም ይታወቃል። ስለዚህ ከእንግዲህ ምድጃው ሲሚንቶው ላይ ይቀመጣል። ሆኖም ይህ አንቀጽ እማማን፣ የእማማን እንግዶች፣ እማማ እንግዶቼ ናቸው ያሏቸውንም አይመለከትም።

6. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ በፍሪጁ በር ላይ ከተለጠፈበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል፤ እመቤቲቱ ከሌሊት ፈረቃ ተመልሰው፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ አንብበው፣ «ቆርቆሮውስ?» ካላሉ በስተቀር።