አክስትን ከሠርግ ዲቪዲ ስለ ማውጣት፦ አጭር ጥናት

ከሠርግ ዲቪዲ ላይ የዘመድ ፎቶ ማውጣት በየቤቱ የሚሠራ ሙያ ሆኖ ሳለ እስካሁን የሚገባውን ምሁራዊ ትኩረት አላገኘም። ይህን ክፍተት ለመሙላት የታናሽ እህቴን ሠርግ፣ አንድ ያረጀ ኮምፒዩተርና አንዲት አክስት ይዤ ሦስት ምሽት ተቀምጫለሁ።

የጥናቱ መነሻ ከአሜሪካ የተደወለ ስልክ ነው። የአክስቴ ልጅ «የእማዬ ደህና ፎቶ የለኝም፤ ከሠርጉ ላይ አንድ አውጣልኝ» አለችኝ። ዲስኩ ተልኮላት ነበር። ነገር ግን የእኛ ካሜራ የሚቀርጸው ፓል በሚባለው ሥርዓት ነበር፤ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ በፍሬም 576 መስመር። የአሜሪካ ቴሌቪዥን የለመደው ደግሞ ኤንቲኤስሲን ነበር፤ 480 መስመር። ሳሎኗ ያለው ማጫወቻ ዲስኩን ዋጠው፣ ጥቂት አሰበበት፣ መልሶ ተፋው። ኮምፒዩተር ለዚህ ልዩነት ደንታ ስለሌለው ሥራው ወደ እኔ ተላለፈ። እሷም ኮምፒዩተር አላት፤ ይህ ግን ከጥናቱ ወሰን ውጪ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ በጥንታዊው ዘዴ ተካሄደ። አክስቴ ብቅ ስትል ፕሪንት ስክሪን የሚለውን ቁልፍ ተጫንኩ፣ ፔይንትን ከፍቼ ለጠፍኩ። አክስቴ ፔይንት ውስጥ ጉብ አለች። ከዚያ ጉርሻ ተቀበለች። በሙያው ብዙ ባልቆይም ፎቶ ጉርሻ እንደማይቀበል አውቃለሁ። ፊልሙን ስዘጋው አክስቴ አብራ ጠፋች፤ በቦታዋ ጥቁር አራት ማዕዘን ቀረ። ከመዝጋቴ በፊት ግን ፋይሉን በኢሜይል ልኬው ስለነበር ከአሜሪካ «ማን ሞቶ ነው?» የሚል ስልክ ተደወለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንዲህ ያረጀ ኮምፒዩተር ፊልሙን ከሌላው መስኮት ጋር አብሮ አይሥለውም። በፊልሙ ቦታ አንድ የተመረጠ ቀለም ይቀባል፤ የሥዕል ካርዱ ደግሞ ያ ቀለም ባለበት ፊልሙን ይሞላበታል። ኦቨርሌይ ይሉታል። እንግዲህ የቀዳሁት አክስቴን ሳይሆን አክስቴ የምትገባበትን ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው ፔይንት ላይም እዚያው ቦታ ስላረፈ ካርዱ፣ ምስኪን፣ ሳያጣራ ሞላው።

ሁለተኛው ሙከራ በቪኤልሲ ነበር፤ ዲቪዲ በጃፓን ገበያ ላይ በዋለበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1996፣ የፓሪስ ተማሪዎች ከጀመሩት ሥራ የተወለደው፣ ምልክቱ የመንገድ ሠራተኞች ብርቱካናማ ሾጣጣ የሆነው ፕሮግራም። ሺፍትን ከኤስ ጋር ሲጫኑት ምስሉን ከስክሪኑ ሳይሆን ከፊልሙ ላይ ይወስዳል። ኢ የምትለዋ ፊደል አንድ ፍሬም ወደ ፊት ታራምዳለች። ወደ ኋላ የምትመልስ ፊደል ግን አልነበረችም፤ ያመለጠች አክስት እንደገና ከድንኳኑ በር ጀምራ መግባት አለባት።

ሠርጉ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ 270,000 ፍሬም መሆኑ ነው። አክስቴ የምትታየው 11 ደቂቃ፣ ማለትም 16,500 ፍሬም ላይ ነው። ለአንድ ፊት ይህ የተትረፈረፈ ሀብት ይመስላል። ሲጣራ ግን አብዛኛው አፏ የሞላበት፣ ዓይኗ የተከደነበት ወይም የሰው ክርን ፊቷን የጋረደበት ሆኖ ተገኘ። ካሜራማን ሰውን የሚፈልገው ሲበላ ብቻ ነው የሚለው መላምት ተጨማሪ ምርመራ ይሻል። አንዱ ግሩም ፍሬም ላይ አቀናባሪው በልብ ቅርጽ የተከበቡ ሙሽሮችን አምጥቶ ደፍቶባታል። ሌላው ላይ ከድንኳኑ ምሰሶ ሥር ርቃ ተቀምጣለች፤ ምስሉ 720 በ576፣ በድምሩ 414,720 ፒክስል ሲሆን የአክስቴ ፊት ድርሻ 40 በ50፣ ማለትም 2,000 ነው። ሲያሳድጉት ምጣድ ላይ ያለ ጠይም እንጀራ ይመስላል።

የእስክስታው ክፍል ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል። እያንዳንዱ ፍሬም በሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ልዩነት ከተነሡ ሁለት ግማሾች የተሠራ ነው፤ ጎዶሎ መስመሮቹ ከአንዱ፣ ሙሉ መስመሮቹ ከሌላው። ዝም ብሎ ለተቀመጠ ሰው ችግር የለውም። የአክስቴ ትከሻ ግን በሃምሳኛ ሰከንድ ውስጥ ሌላ ቦታ ደርሶ ስለሚጠብቅ ምስሉ እንደ ማበጠሪያ ይሰነጣጠቃል። ዲኢንተርሌስ የሚባለው መድኃኒት ጥርሱን ያለሰልሰዋል፤ ትከሻውን ጨምሮ።

የተሳካው ፍሬም በመልሱ ዕለት፣ ሽማግሌው ሲመርቁ ተገኘ። ሁሉም ቆሟል፤ የሚበላ የለም። አክስቴ «አሜን» ትላለች፤ «አ» ላይ አፏ ክፍት ነው፣ «ሜ»ን ስትጀምር ከንፈሯ ለሁለት ፍሬም ያህል ይገጥማል። ሁለተኛው ላይ ዓይኗም ክፍት ነበር።

የቀረው ስፋቱ ነው። ሠርጉ ለሰፊ ስክሪን ስለተቀረጸ 720 የነበረው ወርድ ሲታይ ወደ 1,024 መዘርጋት አለበት። አንዳንድ ፕሮግራም ይህን ራሱ ያደርጋል፤ አንዳንዱ እንደ ወረደ ይሰጣል። ሁለቱንም ዓይነት ሞክሬ ሁለት አክስት አገኘሁና አሳትሜ ወሰድኩላት። ቀጭኗን አንስታ «ይቺ ነኝ» አለች። ትክክለኛዋን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ይቺኛዋ የሙሽራው ወገን ትሆናለች» አለችኝ።

ቀጭኗ አሁን ሳሎን ተሰቅላለች፤ ቅጂዋም አሜሪካ ሄዷል። ከአክስቴ ራስ በላይ ያለው የግድግዳ ሰዓት እንቁላል መስሏል። እስካሁን የጠየቀ እንግዳ የለም።